ከሾላው በፊት

ደሞዝ ለሦስተኛ ጊዜ ከነሞተር ሳይክሉ የቃሲም ደንገል ክምር ውስጥ ሲገባ፣ ቃሲም ከተቀመጠበት አልተነሣም። በመጀመሪያው ቀን ጮኾ ሮጧል። በሁለተኛው ቀን ሳይጮኽ ሮጧል። አሁን ግን ለታንኳው ማሰሪያ የሚገምደውን ገመድ በጥርሱ እንደ ያዘ አንገቱን ብቻ ዘወር አደረገ።

«አያ ደሞዝ፣ እንደምን አደሩ?» አለ ገመዱን ከአፉ አውጥቶ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ደሞዝ ከክምሩ ውስጥ። «አንተስ እንደምን አደርህ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። ትናንት ግን የገቡት በወዲያኛው በኩል ነበር።»

«ዛሬ ትንሽ ፈጠን ብዬ ነው።»

«ይታያል። ሁለት ታንኳ የሚወጣው ደንገል ነው የጠፈጠፉልኝ። ቢሆንም ሐይቁ ውስጥ ከሚገቡ እዚህ ቢገቡ ይሻላል፤ ለሞተሩም ለእርስዎም።»

ሞተር የምታስተምረው ወይዘሮ ሰገነት ከሾላው ሥር ተነሥታ እየተራመደች መጣች። አትቸኩልም። ጥቁር ቀሚሷን ከአቧራው ከፍ አድርጋ በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የሞተሩን መለዋወጫ ቁልፍ። ከክምሩ አጠገብ ቆመችና መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ ሞተሩን አየች።

«ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም።»

«ግራ እጅዎ ምን አደረገ?»

ደሞዝ ግራ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ አየው። «ጨበጠ» አለ።

«ቀኝዎስ?»

«እሱም ጨበጠ።»

«እግርዎስ?»

«እግሬማ መሬት ፍለጋ ወጥቶ ነበር።»

ወይዘሮ ሰገነት ራሷን ነቀነቀች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ደሞዝን የሚያስጨንቀው ይኸው ነበር። ሰው ሲወድቅ ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ ይታዘንለታል፤ እሷ ግን የሐይቁን ከፍታ ከመለኪያው ላይ እንደምታነበው ሁሉ፣ የእሱንም አወዳደቅ አንብባ ትመዘግበዋለች።

ይህን ነገር የባሕር ዳር ሰው ሳይነግሩት ይገባዋል። መሬቱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ከግራ ከቀኝ ዘንባባ የቆመበት ከተማ ነው፤ ሰዉ የሚያድገው ቢስክሌት ላይ ነው። ቢስክሌት ላይ ደግሞ ሁለቱም እጅ ፍሬን ይይዛል። ኩርባ ሲመጣ ሁለቱን ጨበጥ፣ እግርህን ከመርገጫው ነቀል፣ ደወልህን ቃጭል፣ በቃ ታጠፍህ። ሞተር ሳይክል ላይ ግን በግራ እጅ ያለው ፍሬን አይደለም፤ ፍሪሲዮን ነው። እሱን የጨበጠ ሰው ሞተሩን ከጎማው ያለያየዋል፤ ፍጥነቱን የሚይዝለት ነገር አይኖርም፤ ቁልቁል እንደ ለቀቁት በርሜል ይነጉዳል። ስለዚህ ሌላ አገር ሰው ሞተር ሲማር በሌላ በሌላ ነገሩ ይወድቃል፤ የባሕር ዳር ሰው ግን የሚወድቀው በግራ እጁ ነው። ቢስክሌት አዋቂነቱ በጨመረ መጠን ደግሞ አወዳደቁ ይከፋል።

ከደሞዝ የበለጠ ቢስክሌት አዋቂ ደግሞ በከተማው አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣናን ውኃ የሚለካው መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ኖሯል። ደብዳቤ ብቻ አይደለም ያመላለሰው። በግ ጭኗል፤ በር ጭኗል፤ አንድ ጊዜ ለአለቃ ልጅ ሠርግ አልጋ ከነራስጌው ጭኖ፣ ከገበያው እስከ ወደቡ ሁለቱንም እጁን ለቆ ብርቱካን እየላጠ ሄዷል። ወደ ጎርጎራና ወደ ደልጊ የሚሄደው ጀልባ እንኳ ደወሉን ከሩቅ ሲሰማ ትንሽ ይታገሠው ነበር። «ወድቄ አላውቅም» ይላል ሁልጊዜ። እውነቱን ነበር፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነዳጅ በኩፖን ሆነና የመሥሪያ ቤቱ ጂፕ ከጓሮ ቆመ። መራዊ ያለው የመለኪያ ጣቢያ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ መልእክት ይፈልጋል። በቢስክሌት ሄዶ ለመመለስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ዝናብ ካለ ያድራል። ኃላፊው ጓድ አስማማው አሰበ አሰበና በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሸራ ለብሶ ሦስት ዓመት የቆመውን ሞተር ሳይክል አስወጣው። ሞተሩ የማን እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። የኢንጂነሩ ነበር፣ የወይዘሮ ሰገነት ባል የነበረው። ኢንጂነሩ በሞተሩ ላይ አይደለም የሞተው። ከዚህ የዘለለ ነገር በመሥሪያ ቤቱ ማንም አያነሣም፤ እሷም አታነሣም።

ጓድ አስማማው ውሳኔውን በሠራተኛው ፊት አነበበ። ጓድ ደሞዝ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ካወጣ፣ ሥራው እንደ ነበረ ይቀጥላል። ካላወጣ፣ ሞተሩና ተላላኪነቱ መንጃ ፈቃድ ላለው ለጓድ አምሐ ይሰጣል፤ ጓድ ደሞዝ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል።

በሩ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ወንበርና ፊሽካ አለባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲገባና ሲወጣ በሩ ሲከፈትለት የኖረ ሰው፣ ከእንግዲህ ለሌላው ሲከፍት ሊውል ነው። ደሞዝ በዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ራሱን ባሰበ ቁጥር ጉልበቱን ያሳክከዋል።

አምሐ ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ጎፈሬው ከላይ የሰፋ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጸሐፊ ነው። «ፋዘር፣ እኔ ላስተምርዎት፤ ቀላል ነገር ነው» አለ። ዘንዶ ለእንቁራሪት ዋና ላስተምርሽ ያላት ያህል ነበር።

«ሌላ ሞተር መንዳት የሚችል ጓድ አለ?» ሲል ጓድ አስማማው ጠየቀ።

«እኔ እችላለሁ።»

ሁሉም ዞረ። ወይዘሮ ሰገነት በስብሰባ ላይ የሐይቁን ከፍታ ከመናገር በቀር ድምፅዋ ከተሰማ ሦስት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ቁጥር የማትስት፣ ሰላምታዋ አጭር የሆነ ሴት ናት። ጓድ አስማማው ምን ማለት እንዳለበት ስላልገባው «በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ።

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ቦታው ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ነበር፤ ከሾላው ዘንድ ሲደርስ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከወዲያ የቃሲም ታንኳ መሥሪያና የደንገል ክምሩ፣ ከእሱ ወዲያ ጣና ነው።

«ጋሽ ደሞዝ» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ «ከሾላው በኋላ ምንም ሥራ የለም። ሥራው ሁሉ ከሾላው በፊት ያልቃል። ነዳጁን ይዘጋሉ። በቀኝ እጅና በቀኝ እግር ፍሬን ይይዛሉ፤ ቀስ እያሉ፣ ሳይነጥቁ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ጨብጠው ማርሽ አንድ ይቀንሳሉ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይለቃሉ።»

«እለቃለሁ?»

«ይለቃሉ። ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ይይዝዎታል። ሲያጓራ ይሰሙታል፤ አይፍሩት፤ እየያዝዎት ነው። ኩርባው ውስጥ እጅዎም እግርዎም ሥራ ፈት ነው። ዐይንዎ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«ዐይኔማ ደኅና ነው።»

«ዐይንዎ ደንገሉን ነው የሚያየው።»

«ደንገሉን ካላየሁት እንዴት አድርጌ እሸሸዋለሁ?»

«የሚፈሩትን ሳይሆን የሚሄዱበትን ይዩ። ሞተር ዐይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ደንገሉን እያዩ ከደንገሉ አይድኑም።»

ደሞዝ ነገሩ ገባው። ጭንቅላቱ ገባው፤ ሆዱም ገባው። ግራ እጁ ግን አልሰማም ነበር። ከሾላው ሲደርስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረገውን አደረገ፤ ጨበጠ። ሞተሩ ሳያጓራ ተለቀቀ፤ ቃሲም ሮጠ።

ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ። ጓድ አስማማው መነጽሩን አስተካክሎ ከወረቀት አነበበ።

«ጓድ ደሞዝ የመንግሥትን ንብረት ሦስት ጊዜ ደንገል ውስጥ ከትተዋል። ግለ ሂስ ያድርጉ።»

ደሞዝ ብድግ አለ። ግለ ሂስ አድርጎ አያውቅም፤ ሌሎቹ ሲያደርጉ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቷል።

«ጓዶች» አለ፣ «ጥፋቱ የግራ እጄ ነው። ቀኝ እጄ ለውጡን ተቀብሏል፤ የተባለውን ይሠራል። ግራ እጄ ግን ያደገው በድሮው ሥርዓት ነው። እስካሁን ቢስክሌት ላይ ያለ ይመስለዋል። መክሬዋለሁ፤ አልሰማኝም።»

ከኋላ ረድፍ አንዱ በሳል አስመስሎ ሳቀ። አምሐ «ታዲያ ለብቻው ሥልጠና ይላካ!» አለ። ጓድ አስማማው መቆጣት ይገባው እንደሆነ አሰበ፤ ነገሩን ቢያገላብጠው ከመስመር የወጣ ቃል አጣበት፤ በመጨረሻ በቃለ ጉባኤው ላይ «የጓድ ደሞዝ ግራ እጅ ንቃት ይጎድለዋል» ብሎ አስጻፈ። ደሞዝ ሲቀመጥ ወይዘሮ ሰገነትን አየት አደረጋት። ከከንፈሯ ጫፍ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወዲያው አንገቷን ወደ መዝገቧ ደፋች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሚስቱ ሙሉነሽ ከጓዳ ስትወጣ፣ ደሞዝ በርጩማ ላይ ፈረሰኛ ሆኖ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ የወጥ ማማሰያ ጨብጦ፣ በግራ እግሩ መሬቱን ሲጠቀጥቅ አገኘችው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?»

«ዝም በይ፤ ኩርባ ላይ ነኝ።»

«ሽሮዬ እሳት ላይ ነው፤ አንተ ማማሰያዬን ይዘህ ኩርባ ትዞራለህ! አምጣ!»

«አሐዱ፣ ነዳጅ ዝጋ» አለ ደሞዝ ሳይሰማት። «ክልኤቱ፣ ፍሬን። ሠለስቱ፣ ጨብጠህ ማርሽ። አርባዕቱ፣ ልቀቅ።» እዚህ ላይ ግራ እጁን በግድ ፈታው፤ ማማሰያው ወደቀ። «ኀምስቱ፣ ዐይንህን መልስ።»

ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ሲማር፣ በቁጥር የያዘው ነገር ከአእምሮው ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁንም ግራ እጁን በቁጥር ሊያስገድደው አስቧል።

ሙሉነሽ ማማሰያዋን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገች። «ለመሆኑ በር መጠበቅ ምን አለው? ጥላ ሥር ትውላለህ፤ ዝናብም አይመታህ።»

«ሙሉዬ፣ እኔ ጥላ ሥር ስውል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሙሉነሽ ሽሮዋን አውርዳ ተመለሰችና ሌላ በርጩማ ስባ ከኋላው ተቀመጠች።

«እሺ፣ ቁጠር» አለችው። «አርባዕቱ ላይ ካልለቀቅህ በዚህ ማማሰያ እጅህን ነው የምለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዝ በመንገዱ ላይ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይመላለስ ጀመር። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሥር «አሐዱ! ክልኤቱ!» እያለ ሲያልፍ፣ ጓድ አስማማው እንዳልሰማ ለመሆን መስኮቱን ይዘጋል። ግራ እጁም ቀስ በቀስ ለቁጥሩ ይገዛ ጀመር። አምስተኛው ቀን ደንገሉን በክንድ ያህል ሳተው። ስድስተኛው ቀን ገባበት። ሰባተኛው ቀን ግን ሞተሩ ከሾላው በፊት አጓርቶ ያዘው፤ ማንም ሳይገፋው ማንም ሳይስበው፣ ኩርባው ራሱ ተከፍቶ ያሳለፈው መሰለው። ከወዲያ ማዶ ቆሞ ዞር ሲል ቃሲም ገመዱን ጥሎ ቆሟል።

«አያ ደሞዝ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» ሲል ጮኸ። «ቤቴን አልፈው ይሄዳሉ!»

ደሞዝ ሞተሩን እየነዳ ወደ ወይዘሮ ሰገነት ሲመለስ ደስታው አፉን ከፈተው።

«እርስዎን ደግሞ እንዲህ አሳምሮ ማን አስተማረዎ?»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ምላሱን ነከሰ። ወይዘሮ ሰገነት መሐረቧን አውጥታ የሞተሩን ነዳጅ መያዣ ጠረገች። አቧራ አልነበረበትም።

«ዘይቱ ጎድሏል» አለች። «ነገ ይጨመርበት።»

የፈተናው ቀን በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ጧት ነበር። ሠራተኛው በመንገዱ ዳር ተሰልፏል። ሙሉነሽ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታለች። አምሐ ጎፈሬውን እያበጠረ፣ የሞተሩን ቁልፍ የሚቀበልበትን እጁን ከወዲሁ እያሟሟቀ ነበር። ቃሲም ደግሞ ማንም ሳይነግረው በሌሊት ተነሥቶ ደንገሉን በመንሽ አራግፎ አሳብጦታል። «እንግዲህ ምናልባት ነው» አለ ሲጠየቅ።

ፈታኙ አምሳ አለቃ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ፣ ሆዳቸው ቀበቷቸውን ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ በርሜሎች አስቀምጠው ደሞዝን በመካከላቸው አስኬዱት። ይህ ለደሞዝ ጨዋታ ነበር፤ ብርቱካን ቢሰጡት እየላጠ ይጨርሰው ነበር። አምሳ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁና ኮፍያቸውን ጫን አደረጉ።

«አሁን መንገድ ነው። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

ሞተሩ በሁለቱ ሰው ክብደት ጎንበስ አለ። ደሞዝ ተነሣ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ሾላው መጣ።

«አሐዱ!» አለ ደሞዝ ጮክ ብሎ።

«ምን?» አሉ አምሳ አለቃው።

«ክልኤቱ! ሠለስቱ!»

«ቅዳሴ ነው እንዴ? ሐይቁ መጣ እኮ! አንተ ሰውዬ፣ ሐይቁ መጣ!»

«አርባዕቱ!» ግራ እጁ ለቀቀ፤ ሞተሩ አጓርቶ ያዘ። «ኀምስቱ!» ዐይኑን ወደ ወደቡ መለሰ። ሁሉም እንደ ተባለው ሆነ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ሊያዘነብል ጀመረ። አምሳ አለቃው ግን ከኋላው ሆነው ሙሉ ክብደታቸውን ወደ ግራ ጣሉና የደሞዝን ሁለት ጆሮ ጨምድደው ያዙ።

ሞተሩ በቀጥታ ሄደ። ደንገሉ ተቀበላቸው።

ቃሲም ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «አያ ደሞዝ፣ ዛሬስ እንግዳ ይዘው መጡ።»

አምሳ አለቃው ኮፍያቸው ላይ ደንገል ተክለው ወጡ። «ወድቀሃል!» አሉ። «በዐይኔ አይቻለሁ፤ ወድቀሃል!»

ደሞዝ ክምሩ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ቀረ። የቆርቆሮዋ ቤት፣ ወንበሯና ፊሽካዋ ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። አምሐ በቀስታ እየመጣ ነው። ከሰዉ መካከል ሙሉነሽ እጇን በአፏ ላይ አድርጋለች። ወይዘሮ ሰገነት ግን ቀሚሷን ከአቧራው ከፍ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ አምሐን ቀድማ ደረሰች።

«አምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኩርባው ላይ ዐይንዎ ተከፍቶ ነበር?»

«ምን ማለትዎ ነው? እኔ ፈታኝ ነኝ!»

«ተከፍቶ ነበር?»

«ኧረ ጨፍነው ነበር» አለ ቃሲም። «እኔ ፊት ለፊት ነበርሁ። ጨፍነው ጊዮርጊስን ሲጠሩ ሰማሁ። እንዲያውም ሦስተኛ ሰው የጫኑ መስሎኝ ነበር።»

ጓድ አስማማው ጉሮሮውን ጠረገ። አምሳ አለቃው ፊታቸው ቀላ። «ማንንም አልጠራሁም!» አሉ። «ማንም ይህን አይጻፍ።»

«ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከነጂው ጋራ ካላዘነበለ፣ ማንም አዋቂ ቢሆን ሞተሩን አያዞረውም» አለች ወይዘሮ ሰገነት። «በደለኛ ነዎት አልልም። እኔ ከዚህ ሞተር ኋላ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እኔም ዐይኔን እጨፍን ነበር።»

ቃሲም ገመዱን ወደ አፉ መለሰ።

«አንዴ ይድገሙት» አለች። «እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። እርስዎ ሾላው ሥር ቆመው ይዩ።»

«ሾላው ሥር?» አሉ አምሳ አለቃው። ዛፉን አዩ፤ መንገዱን አዩ። «ከሾላው ጀርባ ይሁን።»

ሞተሩን ከደንገሉ አውጥተው አቀኑት። ወይዘሮ ሰገነት ከአጠገቡ ቆመች። እጇን ከኋላው መቀመጫ ላይ አሳረፈች፤ ትንሽ ቆየች። ደሞዝ አላያትም፤ ማየት እንደሌለበት ዐውቆ ወደ ፊት ይመለከት ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን በጉልበቷ ሥር ወተፈች።

«ልነሣ?»

«ይነሡ።»

በዚህ ጊዜ ደሞዝ ጮኾ አልቆጠረም። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ መቆጠሩን ግን ግራ እጁ ሰምቶታል። ነዳጁን ዘጋ። ፍሬኑን ሳይነጥቅ ያዘ። ጨበጠ፣ ማርሹን ቀነሰ፣ ለቀቀ። ሞተሩ አጓራ፤ ያዘው። ሾላው ሲደርስ እጁም እግሩም ሥራ ፈትቷል። ዐይኑን ወደ ወደቡ፣ ለጎርጎራ ወደሚጫነው ጀልባ መለሰ። ሞተሩ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ከኋላው ያለው ክብደት አብሮ አዘነበለ፤ ሳይዘገይም ሳይቀድምም፣ ልክ በዚያችው ቅጽበት። ሰው የጫነ አልመሰለውም። ጥላውን ይዞ የዞረ መሰለው።

ከሾላው ጀርባ አምሳ አለቃው ብቅ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። አልፏል ማለታቸው ነው። ደሞዝ ሊያቆም ነዳጁን ቀነሰ።

«አንዴ ይድገሙት» አለች ከኋላው።

ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ደነገጠ። ከወደቡ ዞሮ ተመለሰ፤ ከመነሻው ዞረ፤ ደግሞ ከሾላው በፊት ሥራውን ሁሉ ጨረሰ፤ ደግሞ ዞሩ። ቃሲም ሲያልፉ ብድግ አለ። ደሞዝ ፍርዷን ጠበቀ።

«አንዴ ይድገሙት» አለች። ድምፅዋ ወፍሮ ነበር። ነፋስ ነው አለ ደሞዝ በልቡ፤ የጣና ነፋስ ጧት ጧት እንዲህ ያደርጋል።

በሦስተኛው ላይ አምሳ አለቃው ከሾላው ጀርባ ሙሉ በሙሉ ወጡ። «በቃ! አልፈሃል ብያለሁ!» ሲሉ ጮኹ። «ነዳጅ በኩፖን መሆኑን አታውቁም? በቃ!»

ደሞዝ ቆመ። ወይዘሮ ሰገነት ወረደች። ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ሻሿን አሰረች፤ ስታስር ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ዞረችና እንደ ሁልጊዜው ሆነች።

«ሁለተኛው ላይ ፍሪሲዮኑን ቸኩለው ለቀዋል» አለች።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ደኅና ነው።»

መለዋወጫውን ቁልፍ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ በእጁ ላይ አኖረችለት። ቁልፉን ሁለተኛ እንደማትጠይቀው ከአሰጣጧ ገባው። «ዘይቱን በየሳምንቱ ይዩ» አለችና መዝገቧን ይዛ ወደ መለኪያዋ ሄደች። የዚያን ቀን የሐይቁ ከፍታ ገና አልተነበበም ነበር።

ሙሉነሽ መጣችና የደሞዝን ግራ እጅ አንሥታ አገላበጠችው። «ይኸ ነው እንግዲህ ንቃት ያገኘው?» አለች። ጓድ አስማማው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። አምሐ ጎፈሬውን አንድ ጊዜ አበጥሮ፣ «ፋዘር፣ ጮሌ ነዎት» አለና ሳቀ።

ቃሲም መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀረበ።

«እንግዲህ ደንገሉን ላንሣው፣ አያ ደሞዝ? ሁለት ታንኳ ያዘዘ ሰው ይጠብቀኛል።»

ደሞዝ ሾላውን አየ። ክምሩን አየ። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ ተመለከተው።

«ሰኞን እንየውና» አለ።